ጁባን ሳይለቁ ሃምሳ ኪሎ ሜትር

ጁባ ላይ ብስክሌት ገዝቶ ጥቂት ሳምንት ከቤት ወደ ሥራ የተመላለሰ ሰው ቀጥሎ የሚያስበው የኒሙሌን መንገድ ነው። አይፈረድበትም። ከጁባ ተነስቶ ዩጋንዳ ድንበር የሚደርስ 192 ኪሎ ሜትር አስፋልት ነው፤ በአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ገንዘብ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲያልቅ ለሀገሪቱ የመጀመሪያው ረጅም አስፋልት ነበር። የከተማው ጉድጓድና አቧራ ያስመረረው ሰው ያንን ጥቁር መንገድ ሲያይ ልቡ ቢከጅል አይገርምም።

ለመጀመሪያ ረጅም ጉዞዎ ግን ይተዉት። በዚህ መንገድ ላይ የታጠቁ ሰዎች መንገደኛ እያስቆሙ ዘርፈዋል፣ ገድለዋልም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2021 በአውቶቡስ ወደ ጁባ ሲመለሱ የነበሩ ሁለት የካቶሊክ መነኮሳት ከሌሎች ተሳፋሪዎች ጋር የተገደሉት እዚሁ መንገድ ላይ ነው። ሽፍታ የለም ብንል እንኳ ሠላሳ ኪሎ ሜትር የሄደ ሰው ሠላሳ ኪሎ ሜትር መመለስ አለበት፤ በሚመለስበት ሰዓት ደግሞ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ጀማሪ አቅሙ እስከ ምን ድረስ እንደሆነ የሚያውቀው ካለቀበት በኋላ ነው፤ ያ ደግሞ ከቤት ርቆ የሚማሩት ትምህርት አይደለም።

ደግነቱ ብዙ ኪሎ ሜትር ለመንዳት የግድ ከቤት መራቅ አያስፈልግም። እዚህ የምመክረው ሃምሳውን ኪሎ ሜትር በዙር መጨረስን ነው።

ዙሩን መምረጥ

ከደጃፍዎ ተነስቶ ደጃፍዎ የሚመለስ፣ ከ12 እስከ 13 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ይፈልጉ። አራት ጊዜ ዞሩት ማለት ሃምሳ ገባ ማለት ነው። ይህን ሲሰማ ፊቱን የሚያጠቁር አለ፤ «እህል እንደሚያበራይ በሬ ልዞር ነው?» ይላል። አዎ፣ ይዙሩ። እግርዎ ሃምሳ ኪሎ ሜትሩን የቆጠረው በቀጥታ መንገድ ይሁን በዙር አያውቅም። እርስዎ ግን በየዙሩ ደጃፍዎ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ትርፍ ካላማዳሪያ፣ ሽንት ቤትና ጥላ ያገኛሉ። ከዙሩ ሩቁ ጫፍ እንኳ እስከ ቤትዎ ያለው ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ብስክሌቱ ቢሰበር በእግር ገፍተውት ይገባሉ።

የትኛው ዙር እንደሚሻል የሚወስነው የሚኖሩበት ሰፈር ነው። ቶንግፒኒ ወይም ሐይ ማላካል ያሉ ሰዎች የኤርፖርቱንና የሚኒስቴሮችን መንገድ አያይዘው መዞር ይችላሉ፤ ሙኑኪና ጉዴሌ ያሉት የጉዴሌን አስፋልት ይይዛሉ። ከአራቱ ዙሮች አንዱን ለየት ለማድረግ ከፈለጉ በአሮጌው የጁባ ድልድይ ናይልን ተሻግረው፣ በጉምቦ በኩል ዞረው በነጻነት ድልድይ ይመለሱ። የነጻነት ድልድይ በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ፣ በመካከል ጦርነት ሥራውን እያቋረጠው፣ እ.ኤ.አ. በሜይ 2022 የተመረቀ ሲሆን ርዝመቱ 560 ሜትር ነው። ለብስክሌተኛ ከአሮጌው ይልቅ ሰፋ ያለና የተመቸ ነው። ሁለቱም ድልድዮች ላይ ግን አይቁሙ፣ ስልክ አውጥተውም ፎቶ አያንሱ። ድልድይ፣ ካምፕ፣ የመንግሥት ሕንፃና ወታደር ያለበትን ቦታ ያለ ፈቃድ ፎቶ ያነሳ ሰው ቀሪውን ጠዋት ሲጠየቅ ያሳልፋል።

ዙሩን በብስክሌት ከመሞከርዎ በፊት በሚነዱበት ሰዓት በቦዳ ቦዳ ሞተር ሳይክል ወይም በመኪና አንድ ጊዜ ይዙሩት። ስልክዎ ላይ ርቀቱን ይለኩ። የፍተሻ ኬላው የት እንደሆነ፣ ከኒሙሌ የሚመጡት ከባድ መኪኖች የት ተደርድረው እንደሚቆሙ፣ ውሻ የሚበዛው የትኛው ጥግ ላይ እንደሆነ፣ አስፋልቱ ተበልቶ የት ላይ ወደ ኮረኮንች እንደሚለወጥ ያያሉ። አቅጣጫ ቢጠፋብዎ ከብዙ ቦታ የሚታየው የጀበል ኩጁር ኮረብታ ከከተማው በስተምዕራብ ነው።

ወቅቱና ሰዓቱ

ጁባ ከባሕር ወለል በላይ 550 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወይም ከደሴ ለመጣ ሰው መተንፈሱ ይቀልለዋል፤ ፈተናው ሙቀቱ ነው። በየካቲት ገደማ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ 38 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 እስከ 45 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል ተብሎ መንግሥት በመላ ሀገሪቱ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ በፌብሩዋሪ 2025 ተማሪዎች በሙቀት ራሳቸውን ሲስቱ እንደገና ተዘግተዋል። ከሚያዝያ አንስቶ ደግሞ ዝናቡ ይመጣና እስከ ጥቅምት ድረስ ቀዩ አፈር ጭቃ ይሆናል፤ ጭቃው ፍሬኑና ጎማው መካከል ገብቶ ብስክሌቱን ቀጥ ያደርገዋል።

ስለዚህ ለጀማሪ የሚስማማው ጊዜ ጠባብ ነው፦ ዝናቡ አልቆ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ታኅሣሥና ጥር። የጾም አቆጣጠሩም ይህንኑ ይደግፋል። ዐቢይ ጾም የሚውለው የዓመቱ ከባድ ሙቀት ላይ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይጠጡ ሃምሳ ኪሎ ሜትር መንዳት በጁባ ፀሐይ ሰውነትን ለአደጋ መስጠት ነው። ረመዳንም በእነዚህ ዓመታት እዚያው አካባቢ ስለሚውል ለሚጾሙ ሙስሊም ወገኖች ነገሩ ያው ነው። በኅዳር መጨረሻ ልምምድ የጀመረ ሰው በሰባተኛው ሳምንት ጥምቀትን አሳልፎ ረጅሙን ጉዞ ይነዳል፤ ከሁዳዴም ይቀድማል።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳለች፤ ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ትዘገያለች። ለብስክሌተኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ዛሬ በጁባ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከንጋቱ 12 ሰዓት እምብዛም ሳትርቅ ትወጣለች። በ12 ሰዓት ሲነሱ መንገዱ ይታያል፣ አየሩም ገና ቀዝቃዛ ነው። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ጀማሪ ሃምሳው ኪሎ ሜትር ሦስት ሰዓት ከሃያ ይፈጃል፤ ከማረፊያው ጋር 4 ሰዓት ላይ ይጠናቀቃል። ከ4 ሰዓት በኋላ መንዳት የለም። ጎህ ሳይቀድ መነሳትም አልመክርም፤ በጨለማ ጉድጓዱ አይታይም፣ ኬላ ላይ የቆመውም ሰው በጨለማ ወደ እሱ የሚመጣውን ነገር አይወድም።

ብስክሌቱ

ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ከሆነ ወዲህ፣ በተለይም ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2024 አረንጓዴውን ማልያ ካጠለቀ ወዲህ፣ የሐበሻ ልብ ቀጭን ጎማ ላይ ነው። ለጁባ ግን ቀጭን ጎማ አይሆንም። ሁለት ኢንች ገደማ ስፋት ያለው ወፍራም ጎማ ይፈልጉ። ማርሽ ባይኖረው ግድ የለም፤ ከተማዋ ሜዳ ናት፤ ተራው የሕንድ ወይም የቻይና ብስክሌትም ሃምሳ ኪሎ ሜትር ይወስድዎታል። ከመግዛትዎ በፊት ግን ነጋዴውን አንድ ነገር ይጠይቁ፦ የዚህ ጎማ ካላማዳሪያ ኮኞ ኮኞ ገበያ ይገኛል ወይ? ከካምፓላ ካልሆነ አይገኝም ካለዎት ብስክሌቱ ምንም ያህል ቢያምር ይለፉት።

ኮርቻውን በዚህ ያስተካክሉ። ግድግዳ ተደግፈው ይቀመጡና ፔዳሉን እስከ ታች ያውርዱ፤ ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ ሲያሳርፉ እግርዎ ቀጥ ማለት አለበት። ሲነዱ የሚረግጡት በእግርዎ ፊት ስለሆነ ጉልበትዎ ያኔ ትንሽ ይታጠፋል፤ ልኩ ይኸው ነው። ጁባ ውስጥ የሚነዳው ሰው አብዛኛው ኮርቻውን ዝቅ አድርጎ በሁለት እግሩ መሬት ለመርገጥ ይመቸው ዘንድ ነው የሚያስተካክለው። ለሱቅ መንገድ ይሁን፤ ለሃምሳ ኪሎ ሜትር ግን ጉልበት ይጨርሳል። በልምምዱ ወቅት ጉልበትዎን ከፊት በኩል ካመመዎት ኮርቻው ዝቅ ብሏል፤ ከኋላ በኩል ካመመዎት ከፍ ብሏል። በአንድ ጊዜ ከጣት ውፍረት በላይ አይለውጡ።

ቀጥሎ ብስክሌቱን አንስተው ጎማውን ያሽከርክሩ። ቸርኬው ፍሬኑን እየነካ ከሄደ ተጣሟል። ጎማውን በእጅዎ ይዘው ወደ ግራና ቀኝ ሲነቀንቁት ከተንገጫገጨ ኩሽኔታው ላልቷል ወይም አልቋል። የቸርኬውን ሽቦዎች አንድ በአንድ በጣትዎ ይምቷቸው፤ ከሌሎቹ የተለየ የደነዘዘ ድምፅ የሚሰጠው የላላ ነው። እነዚህን ለሠሪ ይተዉ። ካቴናውን ግን ራስዎ ይያዙት፦ በጨርቅ ይጥረጉት፣ ቀጭን ዘይት በጠብታ ይስጡት፣ ከዚያ የተረፈውን መልሰው ይጥረጉት። የቦዳ ቦዳ ሠሪው በነጻ የሚያፈስልዎት የተቃጠለ የሞተር ዘይት አቧራውን ሰብስቦ ካቴናውን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

አሁን ሰው ሁሉ የሚዘለው ሥራ፦ ከጉዞው በፊት ቤትዎ ውስጥ ሆነው ጎማ መፍታትና መግጠም ይለማመዱ። በጁባ የሚበሳው በአብዛኛው የግራር እሾህ ነው፤ ሚስማርና የጠርሙስ ስባሪም ይጨመርበታል። አየሩን ሙሉ በሙሉ ያስወጡ፤ ጎማውን ከቸርኬው የሚያላቅቁት በፕላስቲክ ማላቀቂያ ይሁን፤ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት የማንኪያ እጀታ ካላማዳሪያውን ነክሶ ሁለተኛ ቀዳዳ ያወጣለታል። ካላማዳሪያውን አውጥተው ሲነፉት ቀዳዳው ያፏጫል፤ ካልሰሙት ወደ ከንፈርዎ ያስጠጉት፣ ቀጭኑ ነፋስ ይሰማዎታል። ቀዳዳውን ካገኙ በኋላ ካላማዳሪያውን ጎማው ላይ በነበረበት አኳኋን ያስቀምጡትና በትክክል የተበሳበትን ቦታ ጎማው ላይ ይፈልጉ። ከውስጥ በኩል በጨርቅ ቀስ አድርገው ይዳስሱ። እሾሁ ብዙ ጊዜ እዚያው ተሰክቶ ነው የሚገኘው፤ ከውጭ ተሰብሮ ጠፍቶ ከውስጥ የስንዴ ጫፍ ታህል ብቻ ብቅ ብሎ ይጠብቃል። እሱን ሳያወጡ አዲስ ካላማዳሪያ ቢገጥሙ መቶ ሜትር ሳይሄዱ ይተነፍሳል።

መንገድ ላይ መለጠፍ የለም፤ መለወጥ ብቻ ነው። ልጠፋው የቤት ሥራ ነው፦ ዙሪያውን በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጉ፣ ማስቲሽ በስሱ ይቀቡ፣ እርጥበቱ እስኪጠፋ ይጠብቁ፣ ከዚያ ልጣፉን ገጥመው በኃይል ይጫኑት። በዚህ ሙቀት ማስቲሹ ቶሎ ይደርቃል፤ አንዴ የተከፈተ ቱቦም ውሎ ሳያድር ይጠጥራልና ትልቅ አይግዙ፣ ትንንሹን ይግዙ።

ሰውነትን ማልመድ

በሳምንት ሦስት ቀን ይንዱ። ሁለቱ ቀን አጫጭር ናቸው፤ ከአርባ እስከ ሃምሳ ደቂቃ፣ ጠዋት። ሦስተኛው የዙሩ ቀን ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አንድ ዙር፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሁለት፣ በአምስተኛው ሦስት ይዙሩ። በስድስተኛው ሳምንት ወደ አንድ ዙር ይመለሱ፤ በሰባተኛው አራቱን ይዞራሉ። ስድስተኛው ሳምንት ላይ የሚያምጽ ብዙ ነው፤ «ሰውነቴ ገና መሟሟቁ ነው፣ ለምን አርፋለሁ?» ይላል። ጡንቻ የሚጠነክረው ሲያርፍ ስለሆነ ያችን ሳምንት አይንኳት።

ከደጋው በቅርቡ የመጡ ከሆነ ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት ሁለት ሳምንት ይጨምሩ። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ያስፈልገዋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ላብ ቶሎ መውጣት ይጀምራል፣ ከላቡ ጋር የሚወጣውም ጨው ይቀንሳል።

ፍጥነትዎን የሚለኩት በአፍዎ ነው። አብሮዎት ከሚነዳው ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻሉ ልክ ነው፤ ቃል ከቆራረጡ ፈጥነዋል። ማርሽ ካለው ቀለል ያለውን ይምረጡና እግርዎ ቶሎ ቶሎ ይዙር፤ ከባዱን ማርሽ መርገጥ ጉብዝና ይመስላል እንጂ ሦስተኛው ዙር ላይ ያስከፍላል።

እዚህ ከተማ ያለው የሀገራችን ሰው ብዙው ሆቴል፣ ምግብ ቤትና ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚሠራ ነው፤ ከሥራ የሚወጣውም ማታ አራትና አምስት ሰዓት ነው። ለእሱ ልምምዱ የእንቅልፍ ጉዳይ ነው። ከስድስት ሰዓት በታች ተኝተው ከሆነ የዙሩን ቀን አንድ ዙር ብቻ ያድርጉት ወይም ይተዉት። ትኩሳት ከተሰማዎት ደግሞ ጭራሽ አይንዱ፤ መጀመሪያ የወባ ምርመራ ያድርጉ። ለወባ መከላከያ ዶክሲሳይክሊን የሚወስዱ ካሉ መድኃኒቱ ቆዳን ለፀሐይ ስስ ያደርጋልና ረጅም እጅጌ ይልበሱ። በነገራችን ላይ መድኃኒቱን ባይወስዱም ረጅም እጅጌ ያለው ስስ ሸሚዝ ከአጭሩ ይሻላል፤ ፀሐዩን ይከለክላል፣ ላብ ሲይዝም ያቀዘቅዛል።

ውሃና ስንቅ

ለስንቅ ውጭ ሀገር የሚመረተውን የስፖርተኛ ብስኩት ፍለጋ አይድከሙ። በሶ አለ። የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው፤ ሳይከብድ ጉልበት ይሰጣል፣ አይበላሽም፣ ጾምም ነው። በስኳርና በትንሽ ጨው አሽተው በውሃ ይለውሱት፤ ጭብጦ አድርገው በትንንሹ ያድቦልቡሉና በላስቲክ ይጠቅልሉ። በየአርባ አምስት ደቂቃው አንድ። በውሃ ጠርሙስ በጥብጦ መያዝ ግን አያዋጣም፤ አፉን ይደፍነዋል። ዳቦ ቆሎና ቆሎ ለጨዋታ ይሁኑ፤ በደረቀ አፍ እየነዱ ማኘክ መታነቅ ነው። ሙዝና ቴምርም ይሆናሉ።

ውሃ በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ሊትር ይጠጡ፤ ሳይጠማዎት፣ በየአሥርና አሥራ አምስት ደቂቃው ጉንጭ ጉንጭ እያሉ። አንዱ ጠርሙስ ንጹሕ ውሃ፣ ሌላው ጨውና ስኳር ያለው ይሁን። መጠኑ ለተቅማጥ ሕሙማን የሚዘጋጀው ነው፦ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ለጥ ብሎ። ሎሚ ቢጨምቁበት ይጣፍጣል። ብዙ ላብ ያፈሰሰ ሰው ባዶ ውሃ ብቻ አብዝቶ ቢጠጣ በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥንና ያጥወለውለዋል፤ የጨው ጠርሙሱ ለዚህ ነው። ማታውን ሁለት ጠርሙስ በረዶ ቤት ያስገቡ፤ ሦስተኛው ዙር ላይ ያመሰግኑኛል።

የበቃዎት ምልክት ሽንት ነው፦ ነጣ ያለ ከሆነ ደኅና፣ እንደ ሻይ ከጠቆረ ውሃ አንሷል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ወይም በሙቀት መካከል የሚመጣ ብርድ ብርድ ማለት ከተሰማዎት ግን ውሃ ጠጥቶ መቀጠል የለም። ይውረዱ፣ ጥላ ይግቡ፣ አንገትዎን፣ ብብትዎንና ብሽሽትዎን ውሃ ያፍስሱበት። አብሮዎት የሚነዳው ሰው ንግግሩ ከተምታታ ነገሩ ከድካም አልፏል፤ እያቀዘቀዙ ወደ ሕክምና ይውሰዱት።

መንገድ ላይ

ደቡብ ሱዳን እንደ ኢትዮጵያ በቀኝ ነው የሚነዳው። መኪኖቹ ግን ብዙዎቹ ከዩጋንዳና ከኬንያ በኩል የገቡ በመሆናቸው መሪያቸው በቀኝ ነው። ይህ ብስክሌተኛውን በሦስት መንገድ ይነካዋል። ከኋላዎ የሚመጣው ሹፌር በእርስዎ በኩል ስለተቀመጠ ደኅና አድርጎ ያይዎታል፤ ይኸኛው ጥሩ ነው። ከፊትዎ የሚመጣው ግን ፊቱ ያለውን ከባድ መኪና ለመቅደም ሲፈልግ ግማሽ መኪናውን ወደ እርስዎ መስመር ካላወጣ በቀር መንገዱ አይታየውም፤ ከባድ መኪና ሲመጣ ከኋላው ሌላ እንዳለ ቆጥረው ጠርዙን ይያዙ። ሦስተኛው ሰው የማያስበው ነው፦ ጥግ ይዞ ከቆመ መኪና በእርስዎ በኩል በር የሚከፍተው ሹፌሩ ሳይሆን ተሳፋሪው ነው። ተሳፋሪ ደግሞ መስታወት አያይም። ከቆመ መኪና አንድ በር ያህል ራቅ ብለው ይለፉ።

ቦዳ ቦዳዎች በተቃራኒ መስመር፣ በጠርዝ፣ አንዳንዴም በእግረኛ መንገድ ይመጣሉ። ከእነሱ ጋር እልህ አይጋቡ፤ ቀጥ ብለው ይንዱ፣ እነሱ ይዞሩዎታል። በድንገት መጠምዘዝ ነው የሚያጋጨው። የውሃ ቦቴዎቹ ሲከብዱ ቶሎ አይቆሙም፤ ከሹፌሮቻቸው መካከል የሀገራችን ልጆች አሉ፣ እጅዎን አንስተው ሰላም ይበሉ፣ ያውቁዎታል። ጠዋት ጠዋት ረጅም ቀንድ ያላቸው የከብት መንጎች መንገዱን ሲሞሉት ከብስክሌቱ ወርደው ጠርዝ ይቁሙና እረኛው ያሳልፋቸው፤ በመካከላቸው ሰንጥቆ ማለፍ ከእረኛውም ጋር ያጣላል። ሳይረን ሲሰሙና የባለሥልጣን አጀብ ሲመጣ ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ ወጥተው ይቁሙ፣ ስልክዎን ኪስዎ ያድርጉ።

ኬላ ላይ ከሩቅ ይቀንሱ፣ መነጽርዎን ያውልቁ፣ ቀድመው ሰላምታ ይስጡ። የፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ቅጂ ይያዙ፤ ሰውየው ሲጠይቅዎት አረብኛውን ባያውቁት እንኳ ፈገግታና ትዕግሥት ያሻግራል። ከከተማው ጠርዝ ሲወጡ ሽንት ቢመጣብዎ እንኳ ከመንገዱ ወደ ቁጥቋጦው አይግቡ። እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 2005 ከዘለቀው ጦርነት የቀሩ ፈንጂዎች በሀገሪቱ ገና ተጠርገው አላለቁም።

ዕለቱ

ከሁሉ ቀን የጁባ መንገድ ባዶ የሚሆነው እሑድ ማለዳ ነው፤ ችግሩ ያ ሰዓት ቅዳሴ ነው። ቅዳሜም ይሆናል፤ በዚያ ሰዓት ገበያው ገና አልተከፈተም። ዋዜማውን ከተማው ሰላም ማደሩን ይጠይቁ፦ አንድ ሹፌር፣ አንድ ነጋዴና አንድ የሀገሬው ሰው ከዜና ማሰራጫ የተሻለ ይነግሩዎታል። አንዳቸው እንኳ «ነገ ይቅር» ካሉ ይቅር፤ በሚቀጥለው ሳምንትም መንገዱ አለ።

ማታ ሩዝ ወይም ፓስታ በደንብ ይብሉ፤ እንጀራ በሽሮም ደኅና ነው። ያልለመዱት ምግብ፣ በርበሬ የበዛበት ጥብስና ቢራ ለማግስቱ ይቆዩ። ብቻዎን አይንዱ፤ ያለ ጓደኛ የሚነዱ ከሆነ የት እንዳሉ በስልክ የሚያይ ሰው ቤት ይተዉ። ቦርሳ በጀርባ ላብ ነው፤ ዕቃውን ከኋላ መጫኛው ላይ ይሰሩት፦ ሁለት ካላማዳሪያ፣ ማላቀቂያ፣ የእጅ ፖምፓ፣ የብስክሌቱን ብሎን የሚፈታ ቁልፍ፣ ፋሻ፣ ዝርዝር ብር። የራስ ቁር ያድርጉ፤ የሞተር ሳይክሉ ሳይሆን የብስክሌቱ፣ ነፋስ የሚያስገባው።

የመጀመሪያውን ዙር ሆን ብለው በዝግታ ይንዱት፤ ፍጥነትዎ እስኪያሳፍርዎ ድረስ። ወንዝ የሚሻገሩበትን ዙር ሁለተኛ ያድርጉት፤ እግርዎ ሞቋል፣ ሙቀቱ አልመጣም፣ የጉምቦም መኪና ገና አልበዛም። እያንዳንዱ ዙር ሃምሳ ደቂቃ፣ ማረፊያው አሥር ደቂቃ። ማረፊያው ላይ አይቀመጡ፤ ቆመው ይጠጡ፣ ጭብጦውን ይብሉ፣ ጎማውን በአውራ ጣትዎ ይጫኑ። ሦስተኛው ዙር ላይ ሰውነትዎ ምክንያት መደርደር ይጀምራል፤ ያ የሚጠበቅ ነው።

አራተኛውን የሚጀምሩት ሰዓቱ ከ3 ሰዓት ከአሥር ካላለፈ፣ ራስዎን ካላመመዎትና ከተነሱ ወዲህ ቢያንስ አንድ ጊዜ ሽንት ከሸኑ ብቻ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ብስክሌቱን ወደ ግቢ ያስገቡ። ሦስት ዙር ማለት ሠላሳ ሰባት ኪሎ ሜትር ነው፤ ለመጀመሪያ ጉዞ የሚናቅ አይደለም፤ ቀሪውን ከሁለት ሳምንት በኋላ ይጨርሱታል።

በማግስቱ

እንደገቡ ወዲያው አይተኙ። ጥላ ውስጥ ጥቂት ይንቀሳቀሱ፣ የጨው ውሃውን ይጨርሱ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ምግብ ይብሉ፤ ባቄላ፣ ምስር ወይም እንቁላል ያለበት ቢሆን ይመረጣል። ማታ እግርዎን ትራስ ላይ ከፍ አድርገው ይተኙ። መቀመጫዎ ከተላጠ በሳሙና ታጥቦ ይድረቅ፤ ለቀጣዩ ጉዞ ቫዝሊን ሳይቀቡ አይውጡ። ሁለት ቀን አርፈው በሦስተኛው ቀን አጭሯን ዙር ቀስ ብለው ይንዱ።

ብስክሌቱን ሲያጥቡ ውሃውን በኃይል ወደ ኩሽኔታዎቹ አይርጩ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይበቃል። ሽቦዎቹን እንደገና በጣትዎ ይምቱ፤ ከሃምሳ ኪሎ ሜትር በኋላ የላላ ካለ የሚገኘው አሁን ነው። የተበሳውን ካላማዳሪያ ይለጥፉ፣ ነፍተው አንድ ሌሊት ያሳድሩትና አየሩን እንደያዘ ካደረ አስወጥተው አጣጥፈው ወደ ስንቁ ይመልሱት።